ስዕልን አረፍተ ነገር መሀል ማስገባት በአፕ ኢንቬንተር፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ናችሁ፣ ሜሪላንድ ላሉት የእህቴ ልጆች በኤምአይቲ አፕ ኢንቬንተር (ብሎክ እየገጣጠሙ የስልክ አፕ የሚሰሩበት መሳሪያ) የአማርኛ ማንበቢያ እየሰራሁ ነው። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ ይናገራሉ፣ ፊደሉ ላይ ግን ገና ናቸው፣ ስለዚህ የሚከብዳቸውን ቃል በስዕል ተክቼ አረፍተ ነገሩን ራሳቸው እንዲጨርሱት ነው የፈለግኩት። ስዕሉ ከጽሁፉ ጋር አንድ መስመር ላይ መግባት አለበት ማለት ነው፣ እና እሱ ብቻውን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ሌብሉ (ጽሁፍ የሚያሳየው ክፍል) ላይ ኤችቲኤምኤል ፎርማት የሚለውን፣ ማለትም በድረ ገጽ ኮድ መጻፍ የሚያስችለውን፣ ቼክ አድርጌ የኢሜጅ ታግ (ስዕል የሚጠራውን ኮድ) ከተትኩበት። ቦልዱ ሰራ፣ ቀለሙም ሰራ፣ ስዕሉ ቦታ ላይ ግን ትንሽዬ ሳጥን ብቻ። ሊንኩን ስቀያይር ዋልኩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ሌብሉ ከስር የሚጠቀምበት የአንድሮይድ ኮድ ስዕል የሚያመጣለት ተጨማሪ ነገር ካልተሰጠው ለማንኛውም ኢሜጅ ታግ ያንኑ ሳጥን ነው የሚያሳየው። ሊንካችሁ ጥፋት የለበትም፣ እዛ ላይ ጊዜ አታቃጥሉ።

ሌብል ኢሜጅ ሌብል ብሎ ሆሪዞንታል አሬንጅመንት (ነገሮችን ጎን ለጎን የሚይዝ ሳጥን) ውስጥ መደርደርም ሞከርኩ፣ ለአጭር ነገር ይሆናል፣ ረዘም ሲል ግን ሁለተኛው ሌብል ለብቻው እንደ አምድ ይታጠፋል።

ከዛ ዌብቪወር፣ አፑ ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሳየው ክፍል። ገጹን በዳታ ዩአርኤል (የገጹ ኮድ ራሱ አድራሻው ውስጥ ተጽፎ) ስሰጠው አማርኛው ሁሉ ተበላሽቶ ወጣ፣ ምክንያቱም ቻርሴት (ፊደሉ በየትኛው ኮድ እንደተጻፈ) ካልነገራችሁት ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አያውቅም። እሱን ጨመርኩ፣ ፊደሉ ተስተካከለ። ቀጥሎ የከለር ኮዱ ላይ ያለችው የሀሽ (#) ምልክት ገጹን ከመሀል ቆረጠችብኝ፣ እሷን በፐርሰንት 23 (%23) መተካት ነው። ሚዲያ (የአፑ ፋይሎች ማስቀመጫ) ውስጥ የጫንኳቸውን ስዕሎች ግን ከዚህ ገጽ ማግኘት አልቻልኩም።

የሰራልኝ ይሄ ነው፦ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ጽፌ ከስዕሎቹ ጋር ሚዲያ ውስጥ ጫንኩ፣ ዌብቪወሩን በሎካልሆስት (ስልኩ ራሱን በሚጠራበት) አድራሻ ወደ ፋይሉ ላክሁት፣ ስዕሎቹን በፋይል ስማቸው ብቻ ጠራሁ። ኮምፓኒየን (መሞከሪያው አፕ) ላይም ኤፒኬ (ስልክ ላይ የሚጫነው ፋይል) ሆኖም አንድ አይነት ነው። አረፍተ ነገሩን በዌብቪው ስትሪንግ (አፑና ገጹ ጽሁፍ በሚለዋወጡበት) እልክለታለሁ፣ የስዕሉን ቁመት በኢኤም (ከፊደሉ መጠን ጋር በሚሄድ መለኪያ) ስለሰጠሁት ፊደሉን ሳሳድግ አብሮ ያድጋል።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን የራሳችን ቋንቋ ጠባይ ነው። «አያቴ በሬውን ሸጡ» የሚለው ላይ «በሬ» የሚለው ስዕል ሲሆን «ውን» ስዕሉ ላይ መለጠፍ አለባት፣ «በፈረስ መጣ» ላይ ደግሞ «በ» ከፊቱ። ብራውዘሩ ግን ስዕል አጠገብ መስመር መስበር ይችላል፣ ስለዚህ ጠባብ ስልክ ላይ «ውን» ለብቻዋ ታች ወረደች፣ ትልቋ ልጅም እንደ አዲስ ቃል አነበበቻትና ትርጉሟን ጠየቀችኝ። አሁን ስዕሉንና የተጣበቁትን ፊደሎች አንድ ስፓን (የጽሁፍ ቁራጭ መጠቅለያ ታግ) ውስጥ ጠቅልዬ ኖራፕ፣ ማለትም መሀላቸው መስመር እንዳይሰበር፣ አደረግኳቸው፣ አይለያዩም። እንግሊዝኛ ላይ ብሰራው ኖሮ ይሄን ነገር የማስበውም አይመስለኝም።

ትናንት በቪዲዮ ኮል ትንሹ ስድስቱን አረፍተ ነገር ጨረሰ፣ «ውን»ንም አልዘለላትም። የቀረኝ ስዕሉ ሲነካ ቃሉን በድምፅ እንዲል ማድረግ ነው፣ ከገጹ ወደ ብሎኩ መልእክት መመለስ የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።