ቅዳሜና እሑድ በድሬ ሰዓት

ሥራዬ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ስለሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነጠላ ሰረዝ ስነቅልና ስተክል እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ተወልጄ ካደግሁበት ከመርካቶ ብዙም አልርቅም። አልፎ አልፎ እኔና ባለቤቴ ከከተማ ስንወጣም እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ወይ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቡና እንጠጣለን፣ ወይ ሐዋሳ ወርደን ዓሣ እንበላለን። ባለፈው ጥር ግን ልጆቻችን ትኬት ቆርጠው ሰጡንና ዓርብ ማታ ሄደን እሑድ ማታ ለመመለስ ወደ ድሬዳዋ ተነሣን። በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚወስድ ሁለት ሙሉ ቀን እጃችን ላይ ይቀራል ብዬ አሰላሁና፣ ሁለቱን ቀን ሰዓት በሰዓት ከፋፍዬ በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ አሰፈርሁ። ባለቤቴ ደብተሩን ገልጣ አየችና «ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ የፈተና ፕሮግራም?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ኮት መልበሴ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ፣ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ብላ እንደተኛች በንባብ አውቅ ነበር፤ ገላዬ ያወቀው ግን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ነው። ኮቴን ክንዴ ላይ ጥዬ ላቤን ስጠርግ፣ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል የባጃጅ ሹፌር አጠገባችን ቆመና «አቦ ግባ እንጂ! ምን ቆመህ ታያለህ?» አለኝ። ሽበቴ ከሩቅ የሚታይ ነው፤ ልጁም ዓይኑ ደኅና ነው። ድሬዳዋና ሐረር «አንቱ» የሚባለው ቃል ብዙም ሥራ የሌለው መሆኑን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ይሁንና «አንተ» እና «እርስዎ» በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሲቀላቀሉ ቀይ እስክሪብቶ ለሚያነሣ ሰው ነገሩን በጆሮ መስማትና በራስ ላይ ሲደርስ ማየት አንድ አይደለም። ባለቤቴ ሆቴል እስክንደርስ ድረስ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ልጁ ግን በመንገዱ ሁሉ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጤናችንና ስለ አዲስ አበባ ብርድ እንደ እኅታችን ልጅ ሲጠይቀን ቆይቶ፣ ሻንጣችንን እስከ ክፍላችን በር ድረስ አደረሰልን። ስልኩንም ሰጠን፤ ለሁለቱ ቀን ሌላ ባጃጅ አልፈለግንም።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ አየሩ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ፈጢራ ፍለጋ ወጣን። መርካቶም ፈጢራ አለ፤ ስለዚህ አዲስ ነገር አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ያገኘነው ፈጢራ ጋጋሪ ግን እንደ ብይ የተድቦለበሉ፣ ዘይት ውስጥ ያደሩ ሊጦች ደርድሮ ተቀምጧል። አንዱን ያነሣና ዘይት በተቀባ የቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይደበድበዋል፤ ከዚያ ጠርዙን ይዞ ወደ ራሱ እየሳበ ያሰፋዋል፤ ሲሰፋ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን የጠረጴዛው ዝገት በሊጡ ውስጥ አልፎ ይታያል። በአንድ እጁ ሁለት እንቁላል ሰብሮ መሐል ላይ ያፈስሳል፤ አራቱንም ጎን እንደ ፖስታ ያጥፍና በጋለው ብረት ምጣድ ላይ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ነው እኔን ያቆመኝ ነገር የመጣው፤ ሰውዬው የሚያገላብጥበትን ሰፊ ብረት በምጣዱ ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ አንድ ጊዜ ይጠብቃል፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ይመታል። ለምን እንደሚመታ ስጠይቀው «ደንበኛ ይነቃል» አለኝ። ማር ፈስሶበት፣ ዳር ዳሩ እየተንኮሻኮሸ መሐሉ ግን ለስልሶ ሲቀርብልን፣ ባለቤቴ የራሷን ጨርሳ የእኔን ግማሽ ወሰደችብኝና ሦስተኛ አዘዘች። ደብተሬ በሁለት ተኩል ላይ ባቡር ጣቢያ ትላለች፤ ከዚያ የተነሣነው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

ባቡር ጣቢያውን ማየት የፈለግሁት ከተማዋ የባቡሩ ልጅ ስለሆነች ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አላስወጣ ሲል ግን ከሥሩ በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተደረገና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲሲቱን ከተማ አዲስ ሐረር ብለዋት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። ከጣቢያው ጀምሮ የተዘረጋው ከዚራ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ፣ በማስመሪያ የተሠመሩ የሚመስሉ ጎዳናዎች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበትን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኘው መጋላ ደግሞ ማስመሪያ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ጣቢያው ፊት ለፊት አሥር ደቂቃ ቆመን ፎቶ ተነሣንና ወደ ቀፊራ ገበያ አለፍን። እዚያ ባለቤቴ ድሪያ ከለበሱ ሴቶች ጋር ዋጋ ስትከራከር፣ ጊሽጣ ስትመርጥና የባቢሌ ለውዝ ስትቀምስ የቀረው ረፋድ አለቀ።

ስምንት ሰዓት ላይ «የግመል ሥጋ» የሚል ተጽፎ ነበር። በተባለው ሰዓት ላይ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ደብተሬን አክብሬ፣ ወደተጠቆምንበት ቤት ሄድን። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከቧንቧ ሥር ባነጠፈው ምንጣፍ ላይ ክንዱን ተንተርሶ ጋደም ብሏል። ስንገባ ዓይኑን በከፊል ገለጠና «ሥጋው አልቋል፤ ማታ ና» አለኝ። ሌላ ቤት ሞከርን፤ ዘግቷል። ባንክ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሱቅ፤ ሁሉም ወይ ተዘግቷል ወይ ባለቤቱ በርጫ ላይ ነው። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ መንገድ ላይ ከእኛና ከሁለት ፍየሎች በቀር ማንም የለም። ፍየሎቹም ጥላ ውስጥ ነበሩ።

የድሬ ቀን ሁለት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንዱ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ሌላው ፀሐይ ሲበርድ ተጀምሮ እኔ በተለምዶ ከምተኛበት ሰዓት በኋላ ይቀጥላል፤ በመሐል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። እኔ በአዲስ አበባ ሰዓት የጻፍሁት ፕሮግራም ደግሞ ዋና ዋናውን ነገር ሁሉ እዚያ የማንም ያልሆነው ጊዜ ውስጥ ነበር የደረደረው። ወደ ሆቴል ተመልሰን መጋረጃ ጋርደን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛን። እንደዚያ ያለ የቀን እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ማታ የባጃጁ ልጅ ሊወስደን ሲመጣ ከተማዋ ሌላ ሆናለች፤ ወንበሮች መንገድ ላይ ወጥተዋል፣ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ሕፃናት በዚያ ሰዓት ኳስ ይጫወታሉ። ከባጃጁ ድምፅ ማጉያ የዓሊ ቢራ ድምፅ ይወጣል። ዓሊ ቢራ በ1939 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በ1950ዎቹ ገና በጉርምስናው አፍረን ቀሎ የተባለውን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የተቀላቀለ፣ ዑድ የሚጫወት፣ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ የዘፈነ ሰው ነው፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍም ተወልዶ ባደገባት ከተማ ተቀብሯል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ የሕይወት ታሪኩን የሚተርክ ጽሑፍም አንድ ጊዜ አርሜያለሁ። የማላውቀው ግን ዘፈኑ በተወለደበት ሙቀትና በተወለደበት ፍጥነት እንዴት እንደሚሰማ ነበር። መርካቶ ውስጥ በሆነ ሱቅ በር ሳልፍ የሰማሁት ዓሊ ሁልጊዜ የሚዘገይ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ክፍት ባጃጅ ውስጥ፣ ነፋሱ ለብ ብሎ ፊትን ሲዳስስ፣ ምንም የዘገየ ነገር የለውም፤ ዑዱ ከመንገዱ እኩል ይሄዳል። ኦሮምኛ አልችልም። ሹፌሩ አንዳንዱን ስንኝ ሊተረጉምልኝ ሞከረና ከሁለተኛው በኋላ «ተወው፣ በአማርኛ ይበላሻል» ብሎ ዝም አለ። አራሚ ብሆንም አልተከራከርሁትም።

የግመል ቤቱ ሰውዬ አሁን ቆሞ ነበር፤ እንዳየኝ «አልነገርሁህም? ማታ ና አልሁህ እኮ!» ብሎ የገዛ ወንድሙን እንደሚቆጣ ተቆጣኝ። የተቀቀለው ሥጋ በሩዝ ላይ ሆኖ፣ ቃሪያና ሎሚ ያለበት «ቢስባስ» የሚሉት አረንጓዴ ማባያ ታክሎበት መጣ። የግመል ሥጋ ክሩ ወፍራም ነው፤ ማኘክ ይጠይቃል፤ ታኝኮ ሲያልቅ ግን ምላስ ላይ ትንሽ ጣፋጭነት ይተዋል። ቢስባሱን እንደ ሰላጣ በሹካ ጠቅልዬ በመጉረሴ ግን ለአምስት ደቂቃ ያህል ከማንም ጋር መነጋገር አልቻልሁም። ሰውዬው የግመል ወተት በብርጭቆ ይዞልኝ ሲመጣ «ባለ ኮቱ!» እያለ ይስቃል። ኮቱን ማን እንደነገረው አላወቅሁም፤ የባጃጁን ልጅ ግን እጠረጥራለሁ።

እሑድ ጠዋት ወደ ሐረር ወጣን። መንገዱ ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በደንገጎ በኩል እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ከታች ይቀራል፤ ዓለማያንና የጫት ገበያዋን አወዳይን አልፈን ሐረር ስንደርስ ኮቴን ለበስሁት፤ ባለቤቴ ግን ይህ የእኔ ድል መሆኑን አላመነችልኝም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሰማንያ ሁለቱ መስጊዶች፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮችና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረው ግንብ ነበሩ፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡንም ከሥሩ አስምሬበታለሁ። በእግራችን ያየነው አንድ በርና አንድ መንገድ ነው። ጅቦቹንም አላየንም፤ የሚመገቡት ሲመሽ ነው፣ እኛ ደግሞ ማታ በረራ አለን።

ያ አንድ መንገድ መኪና ግርግር ነው። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው፤ እሑድ ቢሆንም ብዙዎቹ ይሠሩ ነበር። አንድ አዛውንት ለአንዲት ወጣት ቀሚስ ጠርዝ ያስገባሉ፤ እግራቸው መርገጫውን ይረግጣል፣ ከትከሻቸው በላይ ራዲዮ ተሰቅሏል። ራዲዮው ውስጥ ያለው ዘፈን ሲፈጥን እግራቸው ሳይታወቃቸው አብሮ ይፈጥናል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ መርፌው ይቆማል። ልጅቷ ይህን ለምዳዋለች መሰለኝ፣ «ይሄ ዘፈን ካለቀ በኋላ ነው ቀጥ ያለ ስፌት የምትሰፋልኝ» አለቻቸው። እሷም አንተ ነው ያለቻቸው።

ለምሳ እንግዳ የሚቀበል አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። ጌ ጋር የሚባለው ባህላዊ ቤት ሳሎኑ በቀይ የተቀቡ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ መሐል ድረስ በስፌትና በሳሕን ተሸፍኗል። ጫማዬን አውልቄ በቅርቤ ባገኘሁት መደብ ላይ ልቀመጥ ስል የቤቱ እመቤት «አንተ! እዚያ አይደለም ቦታህ» ብለው አስነሡኝና በዕድሜዬ ምክንያት ከፍ ወዳለው መደብ መሩኝ። የትኛው መደብ ለቤቱ አባት፣ የትኛው ለአዋቂ፣ የትኛው ለወጣት እንደሆነ አስረዱኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው የቆየሁት አንቱታ ለካ አንደበት ላይ ሳይሆን መቀመጫው ላይ ነበር። ከዚያ ሑልበት መረቅ መጣ፤ ሑልበት አብሽ ማለት ሲሆን፣ ተመትቶ አረፋ የሠራው አብሽ በሥጋው መረቅ ላይ ተንሳፍፎ ይቀርባል፤ ትንሽ ይመራል፣ መረቁ ግን ምሬቱን ይዞት ይወርዳል። ከእሱ በኋላ ከቡና ገለባ ተፈልቶ በወተት የተዘጋጀ ሆጃ ጠጣን። ፍሬውን ለዓለም ሸጦ ገለባውን ለራሱ እንዲህ አድርጎ የሚያጣፍጥ ሰው ያስቀናል።

ሆጃውን ሳንጨርስ ከአጥሩ ማዶ ከበሮ ተመታ። እመቤቲቱ ሰርግ መሆኑን ነገሩን፤ ከበሮውን «ከረቡ»፣ አብሮት የሚጨበጨበውን እንጨት «ከበል» እንደሚሉትም እንዲሁ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ እንጨቱ በመሐል ጣልቃ ይገባል። ባለቤቴ አንገቷን በበሩ በኩል ብቅ ስታደርግ ሁለት ሴቶች እጇን ይዘው ወሰዷት። እኔ ከመደቤ ሳልወርድ አንድ ሰዓት ያህል ድምፁን በግድግዳው በኩል ሰማሁ፤ ከጭብጨባው መሐል ዘግይቶ የሚመጣ አንድ ጭብጨባ ነበር፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም። ስትመለስ መዳፏ ቀልቶ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሐላዋ ተቋጥሮላት ነበር።

ድሬ የወረድነው ከተባለው ሰዓት ዘግይተን ነው። የባጃጁ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያው በር አጠገብ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ፤ ድምፅ ማጉያውን ግን አላጠፋም፤ የዓሊ ቢራ ዘፈን ገና መሐሉ ላይ ነው። ሻንጣዬን ላነሣ እጄን ስዘረጋ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ቆይ እንጂ አቦ፤ ይጨርስ።»

ባለቤቴ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያም ጊሽጣውን ጭኗ ላይ አመቻችታ ወደ ኋላ ተደገፈች።