የዋዜማ ልብስ ግዢ፦ ሽሮ ሜዳ ወይስ ኤርፖርት?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ በጥድፊያ የተገዛው ግን ጃንሜዳ ሳይደርስ ራሱ ሊበጣጠስ ይችላል።

በረራ ያለበት ሰው «ኤርፖርት እገዛለሁ» ብሎ ይዘናጋል። ከፓስፖርት ቁጥጥር ወዲያ ዋጋው በዶላር ነው፤ ከዋጋው የሚብሰው ግን ልብስ ሰፊ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ እዚያ ልክ የማይጠይቀውን፣ ነጠላና የአንገት ልብስ ብቻ ግዙ። ቀሚስና የልጆች ልብስ፣ ግማሽ ቀን ካላችሁ፣ ከእንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ይገዛል። ያውም በጠዋት፤ በዋዜማ ከሰዓት ሰፊዎቹ ወይ ሥራ አይቀበሉም፣ ወይ ስፌቱን አራርቀው ይሰጧችኋል።

ቀሚሱን መጀመሪያ ገልብጡት። ሸማ ሳሳ ተደርጎ ስለሚሸመን ጫፉ ቶሎ ይተረተራል። ጫፉ እንዳይተረተር በማሽን ካልተጠለፈ (ኦቨርሎክ ካልተደረገ)ና ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይገባ ከተሰፋ ብብቱና ዚፑ አካባቢ ይለቃል። ስፌቱን ከግራና ከቀኝ ቀስ ብላችሁ ወጥሩት፤ መርፌው የወጋው ቀዳዳ ብርሃን ካሳየ ይቅርባችሁ።

ሻጭ ሁሉ «ንጹህ ጥጥ ነው» ይላል። ከጫፉ አንድ ክር ለምናችሁ ውጭ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ደረቅ ጉብታ ይሠራል። ፖሊስተር ፀሐይ ላይ ያፍናል፣ ሻንጣ ውስጥ ግን አይጨማደድም። ነውሩ በጥጥ ዋጋ መሸጡ ነው።

ቀጥሎ ሶፍት አርጥባችሁ ቀዩንና አረንጓዴውን ጥለት እሹት። ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ቀሚሱ ለጥምቀት አይሆንም፤ ጠበሉ ሲረጭ ነጩ ላይ ይወርዳል።

ልክ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁመት ነው። ማስጠበብ ቀላል ነው፣ ለማስፋት ግን ውስጡ የተረፈ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ በሁለት ልክ መካከል ከሆናችሁ ሰፊውን ውሰዱ። ከታች ጥለት ያለው ቀሚስ ከረዘመ ግን ከታች አይቆረጥም፣ ጥለቱ አብሮ ይሄዳል። የሚያጥረው ወገቡ ተፈትቶ ነው፤ ይህን ሥራ በዋዜማ አትመኙት። በምትጫሙት ጫማ ሆናችሁ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት አስለክታችሁ ሂዱ። ያልታጠበ ፈትል በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እጥፋት ውስጥ ይተውላችሁ።

ለልጅ ከሆነ አንገቱን ከውስጥ ዳብሱ። የማሽን ጥልፍ ጀርባው ደረቅ ነው፣ የሚያብለጨልጨው ክርም ቆዳ ይቧጭራል፤ ገበር ከሌለው ልጁ ቅዳሴ ሳያልቅ ያወልቀዋል። ልጁን ካልወሰዳችሁት የጭንቅላቱን ዙሪያ በክር ለክታችሁ ያዙ፤ ትከሻው ልክ ሆኖ አንገቱ የማያልፍ ልብስ ሞልቷል።

ሻንጣ ውስጥ ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል። ጥለቱን ስትተኩሱ በግልባጩ፣ በለብታ ካውያ ይሁን፤ የሚያብለጨልጨው ክር ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተራል።