አንድ ክራር የሚያህል ሳጥን፦ አራት ኪሎ ጋራዥ ውስጥ ትዝታን በኤሌክትሮኒክስ ስቃኝ

የፈለግሁት በባትሪ የሚሠራ፣ በትዝታ የተቃኘ ትንሽ የድምፅ ሳጥን ነው። ኪቦርድ ገዝቶ መጫወት ይቻላል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ቀርጿል፤ እስካሁን ስሰማው ይገርመኛል። እኔ ግን ድምፁ ከየት እንደሚወለድ በእጄ ነክቼ ማወቅ ፈለግሁ። አራት ኪሎ ያለው የግቢያችን ጋራዥ መኪና ስለሌለበት ጠረጴዛዬን እዚያ ዘረጋሁ።

የሳጥኑ ልብ 40106 የሚባል አይሲ (ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ቺፕ) ነው። ውስጡ ስድስት ሽሚት ትሪገር ኢንቨርተሮች አሉ፤ መግቢያቸው ከፍ ሲል መውጫቸው ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ከፍ ይላል። ለአንዱ ኤሌክትሪክን የሚገታ አንድ ሬዚስተርና ኤሌክትሪክን የሚያጠራቅም አንድ ካፓሲተር ከሰጣችሁት ካፓሲተሩ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ደግሞ ይሞላል። ይህ መመላለስ በሰከንድ 440 ጊዜ ሲሆን «ላ» ይባላል። ክራርም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ክር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ክር አንድ ኢንቨርተር ይደርሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ምናለሽ ተራ ውስጥ የማይሠራ ቴፕ ሪከርደር በርካሽ ይገኛል፤ ፈታታችሁ ስታዩት ስፒከር፣ ቮልዩም (ሲዞር መጠኑ የሚለዋወጥ ሬዚስተር)፣ ማብሪያ ማጥፊያና ጥሩ ካፓሲተሮች አሉት። 40106 ከጠፋ 74ኤችሲ14 ይተካዋል፤ የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ነው። ብቻ ከ6 ቮልት በላይ እንዳትሰጡት።

ድምፅ ማውጣቱ ቶሎ ያልቃል። ሥራው ያለው ቅኝት ማስያዙ ላይ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ድምፆቹም ቦታቸውን ይለቃሉ፤ ደግሞ ሁሉም እኩል አይለቁም። መፍትሔው 7805 የሚባለው ሬጉሌተር ነው። ከ9 ቮልት ባትሪ ተቀብሎ የማይናወጥ 5 ቮልት ይሰጣል። ባትሪው ወደ 7 ቮልት ገደማ እስኪወርድ ድረስ ቺፑ ምንም አይሰማውም። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቋረጥም፤ ከግድግዳው የሚመጣው የ50 ኸርዝ እምምታም አይገባም።

ቀጥሎ ሙቀት መጣ። አዲስ አበባ ጠዋት ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ የጋራዡን ቆርቆሮ ያግለዋል። ጠዋት ያማረው ትዝታ ከምሳ በኋላ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቀኛል። ከእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ተውሼ ዕቃዎቹን ተራ በተራ አሞቅኋቸው። የሸሸው ድምፅ ርካሹ ሴራሚክ ካፓሲተር ያለበት ነበር። ከቴፕ ሪከርደሩ የነቀልኳቸውን ፖሊስተር ካፓሲተሮች ስተካበት ድምፁ ረጋ። ዋጋቸው ትንሽ ቢበልጥም እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ከዚያ በኋላ የቮልዩሙ ነገር ነው። አንድ ሴሚቶን ማለት የ6 በመቶ ያህል ልዩነት ነው። ባለ 100 ኪሎ ኦም ቮልዩም ብቻውን ከተጠቀማችሁ ጣታችሁ ገና ሲነካው ኖታው ያልፋል። እኔ ቋሚ ሬዚስተር አስገብቼ ከእሱ ጋር በተከታታይ ብዙ ዙር የሚዞር ባለ 20 ኪሎ ኦም ትሪመር (በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ቮልዩም) ጨመርኩ። ካፓሲተሩ 0.1 ማይክሮፋራድ ሲሆን ለዶ፣ ለሬና ለሚ 33 ኪሎ ኦም፣ ለሶል፣ ለላና ለላይኛው ዶ 22 ኪሎ ኦም በቋሚነት ሠርቶልኛል። ቺፑ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ቁጥሩን እንደ መነሻ ብቻ ውሰዱት።

አንድ ነገር ግን ብዙ አስቸገረኝ። ታችኛው ዶና ላይኛው ዶ አንድ ቺፕ ውስጥ ሲሆኑ ይቆላለፋሉ። አንዱን ስቃኘው ሌላው ይከተለዋል። ኃይሉን የሚጋሩት በአንድ መስመር ነውና አንዱ ሌላውን ይነቀንቀዋል። በቺፑ 14ኛና 7ኛ እግር መካከል፣ በጣም ቀርቦ፣ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማድረግ ይረዳል። ሙሉ በሙሉ የተላቀቁት ግን ላይኛውን ዶ ለብቻው ሁለተኛ ቺፕ ላይ ሳወጣው ነው። የሁለተኛው ቺፕ ሥራ ፈት መግቢያዎች ከግራውንድ ጋር መታሰር አለባቸው። ክፍት ከተተዉ ያልተፈለገ ድምፅ ያመጣሉ።

ድምፁ ካሬ ሞገድ (በድንገት ከፍና ዝቅ የሚል) ስለሆነ ጆሮ ይበሳል። 10 ኪሎ ኦምና 10 ናኖፋራድ አድርጌ ከ1,600 ኸርዝ በላይ ያለውን አለዘብኩት፤ ከዚያ ኤልኤም386 የሚባለው የድምፅ ማጉያ ቺፕ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል።

ማቃኛው ላይ ኖታው ትክክል መሆኑን በሚያሳይ የስልክ ቱነር ጀምሬ ነበር። ጎረቤታችን ክራር የሚጫወቱ ሽማግሌ ናቸው። ሳጥኑን ይዤ ቤታቸው ስሄድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ሦስተኛዋ ትንሽ ወጣች። ዝቅ አድርጋት።»

«ጋሼ፣ ቱነሩ ትክክል ነው ይላል።»

«ቱነሩን ተወው። ይችን ስማ።» ክራሩን አንስተው መቱ።

ካቻቢቴዬን አውጥቼ ከክራሩ ጋር አስተካከልኩት። የፒያኖ እርከን እኩል የተከፋፈለ ነው፤ ክራር የሚቃኘው ግን በጆሮ ነው። ሳጥኑም የሚያምረው እሳቸው ባሉት ቦታ ነው። ትሪመሩ ላይ ያወጣሁትን ገንዘብ ያን ዕለት አመሰገንኩ።

ትዝታ ሜጀርን ወደ ማይነር ለመቀየር ሚና ላ በሴሚቶን ዝቅ ይላሉ። ሁለት ማብሪያዎች ለሚ 2.2 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ለላ ከዚያ ትንሽ ያነሰ ይጨምራሉ። አሁን ጋሼ የአንቺሆዬ ቅኝት ጠይቀውኛል። ሬና ሶል ዝቅ፣ ሚ ግን ወደ ፋ ከፍ ማለት አለበት፤ ሬዚስተር መጨመር ደግሞ ድምፅን የሚያወርደው ብቻ ነው። ስለዚህ ያን መስመር መጀመሪያውኑ ፋ ላይ እቃኘውና ትዝታ ስፈልግ ማብሪያው ሬዚስተር ጨምሮ ወደ ሚ ያወርደዋል። ማብሪያው እጄ ላይ አለ፤ የቀረኝ መበየድ ነው።