ናሽናልስ ሻጭ ሲሆን፦ ከዝውውሩ መዝጊያ በፊት ማንን ይሸጣል፣ ምን ይቀበላል?

የአውሮፓን እግር ኳስ የዝውውር መስኮት የለመደ ሰው ወደ ቤዝቦል ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደናግረው የዝውውር ክፍያ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። አንድ ክለብ ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) ለሌላው ሲሰጥ በምትኩ የሚቀበለው በአብዛኛው ተጫዋች ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ዋናውን ሊግ ገና ያልረገጠ የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጅ። ዘንድሮ ዋንጫ የሚያልም ክለብ ታዳጊዎቹን ይሰጣል፣ ዘንድሮ ተስፋ የሌለው ደግሞ የደረሱትን። የመዝጊያውን ቀን የሊጉ ኮሚሽነር ከጁላይ 28 እስከ ኦገስት 3 ባለው ውስጥ ይወስናል፤ በ2024 ጁላይ 30፣ በ2025 ጁላይ 31 ነበር። ሰዓቱ በዋሽንግተን ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው።

ብዙ አበሻ በሚኖርበት በዲሲ አካባቢ የሚጫወተው ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2019 ዋንጫውን አነሳ፤ ከ2021 እስከ 2025 ግን በየዓመቱ ወደዚህ ገበያ የገባው በሻጭነት ነው። ከአምስቱ ዓመታት ገበያ ለእኔ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ቡድኑን እንደገና የሚገነባ ክለብ ጥሩ የቡልፔን ፒቸር (ጨዋታውን የጀመረውን ተክቶ የሚገባ ወርዋሪ) እንደያዘ መዝጊያውን ማለፍ የለበትም።

ምክንያቱን ለመረዳት ከመብት ዓመታት መጀመር ያስፈልጋል። ተጫዋች በዋናው ሊግ 172 ቀን ሲመዘገብ አንድ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠርለታል፤ ስድስት ሲሞላለት ፍሪ ኤጀንት ሆኖ ወደፈለገበት ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ክለቡ የሚከፍለው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም አይርቅም (በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር)፤ ከዚያ በኋላ አርቢትሬሽን (ካልተስማሙ ደመወዙን ገላጋይ ዳኞች የሚወስኑበት ሥርዓት) ይመጣና ደመወዙ በየዓመቱ ይጨምራል። ገዢው ስልክ ሲደውል በመጀመሪያ የሚቆጥረው ተጫዋቹ ለስንት ኦክቶበር፣ ማለትም ለስንት ዓመት የዋንጫ ጨዋታዎች፣ እንደሚያገለግለው ነው። ሁለት ወር ብቻ የቀረው ተጫዋች የአንድ ኦክቶበር ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል የቀረው የሁለት፣ ሁለት ዓመት ተኩል የቀረው የሦስት። ዋጋው በዚሁ ልክ ይወጣል፣ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጁላይ 2024 እንሂድ። ናሽናልስ ገበያው የሚፈልጋቸው ሁለት የቡልፔን ፒቸሮች ነበሩት፤ ሀንተር ሀርቪ እና ካይል ፊኔጋን። ሁለቱም እስከ 2025 መጨረሻ በክለቡ መብት ሥር ነበሩ። ሀርቪ መዝጊያው ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቀረው፣ ጁላይ 13፣ ለካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ተሰጠ። በምትኩ የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቹ ኬይደን ዋላስ እና በማግስቱ በጀመረው ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) 39ኛው ምርጫ መጣ፤ በምርጫው ካቸሩ (ኳስ ተቀባዩ) ኬይለብ ሎማቪታ ተወሰደ። (በቤዝቦል የድራፍት ምርጫ እንዲሁ አይሸጥም፤ ለአነስተኛ ገበያ ክለቦች የሚታደሉት ተጨማሪ ምርጫዎች ብቻ እጅ መቀያየር ይችላሉ፤ ይህ ከእነዚያ አንዱ ነበር።) ሀርቪ ካንሳስ ሲቲ ደርሶ ጥቂት ጨዋታ እንደተጫወተ በጀርባ ጉዳት ቆመ። ጉዳቱ ከዝውውሩ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ናሽናልስ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም ነበር።

ፊኔጋን በዚያው ወር ኦል ስታር የሆነ (ለሊጉ የከዋክብት ጨዋታ የተመረጠ) ክሎዘር፣ ማለትም መሪነቱን ለማስጠበቅ መጨረሻ ላይ የሚገባ ፒቸር፣ ነበር፤ ክለቡ ግን አልሸጠውም። ኖቬምበር ላይ የአርቢትሬሽን ደመወዙ ስለከበደ ውል ሳይሰጠው ቀረ። ሰውዬው ነጻ ወጣ፣ ክለቡም በምትኩ ምንም አላገኘም። በ2025 መጀመሪያ በአንድ ዓመት ውል ተመለሰና በጁላይ መጨረሻ ለዲትሮይት ታይገርስ በሁለት የማይነር ሊግ (ከዋናው በታች ያለው ሊግ) ፒቸሮች ተለወጠ። ኦል ስታር በሆነበት ወር፣ አንድ ዓመት ተኩል እየቀረው፣ ከዚያ የበለጠ እንደሚያወጣ አልጠራጠርም።

የቡልፔን ፒቸር በዓመት የሚወረውረው 60 ወይም 70 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ወይም ዙር አለው) ነው። በዚህ ትንሽ ቁጥር ላይ ሁለት መጥፎ ሳምንት ሲጨመር ስታቲስቲክሱ ይበላሻል፤ ክንዱ ደግሞ በማንኛውም ቀን ሊጎዳ ይችላል። 90 ጨዋታ ለሚሸነፍ ቡድን የዘጠነኛ ኢኒንግ ጠባቂ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን ግን ጁላይ ላይ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ይፈልጋል። ቀደም ብሎ የሚሸጥ ደግሞ ሁለት ነገር ያተርፋል፦ ገዢው የሚያገኘው ኢኒንግ ይበዛል፣ ሌሎቹ ሻጮችም ገና ወደ ገበያ አልወጡም።

የሁለት ወሩ ተጫዋች ሒሳብ ሌላ ነው። ክለብ ዓመቱን ሙሉ ያቆየውን ተጫዋች ፍሪ ኤጀንት ከመሆኑ በፊት ሊጉ በየዓመቱ በሚተምነው ደመወዝ የአንድ ዓመት ውል ሊያቀርብለት ይችላል፤ ተጫዋቹ እምቢ ብሎ ሌላ ጋ ከፈረመ ክለቡ የድራፍት ምርጫ ካሳ ያገኛል። በዓመቱ መሐል የተዘዋወረ ተጫዋች ግን ይህ ውል ሊቀርብለት አይችልም፤ አንድ ጊዜ የቀረበለትም ዳግመኛ አይቀርብለትም። ስለዚህ ሻጩ የሚቀርብለትን ልጅ ከካሳው ምርጫ ጋር ያመዛዝናል። በ2021 ፒቸሩን ማክስ ሸርዘርን ማቆየት ትርጉም ያልነበረው ለዚህ ነው፤ ዲትሮይት በ2014 ይህን ውል አቅርቦለት ስለነበር ካሳ አያስገኝም።

በዚያ ጁላይ ሸርዘር ከትሬ ተርነር ጋር ተጣምሮ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተሰጠ፤ ካቸሩ ኪበርት ሩይዝ፣ ፒቸሩ ጆሳያ ግሬይና ሁለት ሌሎች ታዳጊዎች መጡ። እኔ ማጣመሩ ስህተት ነበር ባይ ነኝ። በዋናው ሊግ አሥር ዓመት፣ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹን አምስት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ዝውውርን የመከልከል መብት አለው። ሸርዘር ይህ መብት ስለነበረው የገዢዎቹ ቁጥር እሱ በሚቀበላቸው ክለቦች ተወስኖ ነበር። ተርነር መብቱ አልነበረውም፤ ሌላ ሙሉ ዓመትም ይቀረው ነበር። አንድ ላይ ሲታሰሩ የሸርዘር ገደብ የተርነርንም ገበያ አጠበበው። ውጤቱስ? ግሬይ በ2023 ኦል ስታር ሆነ፣ በ2024 የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሩይዝ የ8 ዓመት የ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ የተጠበቀውን ያህል አልመታም፤ ሁለቱ ሌሎች ለናሽናልስ በዋናው ሊግ አልተጫወቱም።

ከዚያ ሳምንት በጣም ያተረፈው ማንም ልብ ያላለው ዝውውር ነው። የ37 ዓመቱ ፒቸር ጆን ሌስተር ወደ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሄዶ በምትኩ ሌን ቶማስ መጣ። ካርዲናልስ ጋ ቦታ ያጣው ቶማስ በ2023 ለናሽናልስ 28 ሆም ረን መታ፤ በ2024 መዝጊያ ደግሞ ለክሊቭላንድ በሦስት ታዳጊዎች ተለወጠ። ሻጭ መፈለግ ያለበት እንዲህ ያለውን ነው፦ ጥሩ ሆኖ የሚጫወትበት ቦታ ያጣ ተጫዋች። የእያንዳንዱ ክለብ ዝርዝር 40 ሰው ብቻ ይይዛል። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በታች የፈረመ ልጅ ከአምስት የውድድር ዓመት በኋላ፣ በ19 ወይም ከዚያ በላይ የፈረመ ከአራት በኋላ፣ ኖቬምበር ላይ ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ሌላ ክለብ በ100,000 ዶላር ሊወስደው ይችላል። ዝርዝሩ የሞላበት ገዢ እንዲህ ያሉትን ልጆች በርካሽ ይለቃል። የሸጠ ክለብ ደግሞ ባዶ ቦታ አለው።

ገንዘብም ዋጋ ያሳድጋል። በጁላይ መጨረሻ የዓመቱ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀራል፤ 12 ሚሊዮን የሚከፈለው ተጫዋች ወደ 4 ሚሊዮን ይቀረዋል። ሊጉ ግብር የሚጥልበትን የደመወዝ ጣሪያ ለዓመታት ተከታትለው ያለፉትና በላይኛው እርከን ያሉት ክለቦች ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር 110 በመቶ ግብር ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ያ 4 ሚሊዮን 8.4 ሚሊዮን ያስወጣቸዋል። ሻጩ 3 ሚሊዮኑን ልክፈል ካለ ከ6 ሚሊዮን በላይ ያድንላቸዋል፤ በልዋጩ የተሻለ ልጅ መጠየቅ ይችላል። ብዙ የግንባታ ላይ ክለቦች እዚህ ላይ መቆጠባቸው ያናድደኛል።

ኮከብ መሸጥ ግድ ሲሆን መብት ዓመቱ ሳይሟጠጥ ነው። ሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ካለ በኋላ፣ ኦገስት 2 ቀን 2022፣ ሁለት ዓመት ተኩል እየቀረው ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደ። ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ውድ፣ ሮበርት ሀሰልና ሃርሊን ሱሳና መጡ። የሳን ዲዬጎው ኤሪክ ሆስመርም ይካተት ነበር፤ ውሉ ላይ ባለው የመከልከል መብት እምቢ ስላለ በሱ ቦታ ሉክ ቮይት ተተካ። ሻጭ ይህን የክልከላ ዝርዝር ከስልኩ በፊት ማንበብ አለበት፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚፈርስ ስምምነት መጠገኛ ጊዜ የለውም። የሕክምና መዝገቡም እንዲሁ፦ ጎር በዝውውሩ ቀን በክርን ሕመም ከሜዳ ውጭ ነበር፤ ክለቡ መዝገቡን አይቶ ወሰደው፤ በ2025 ኦል ስታር ሆነ።

ባንሸጥም እየተሸነፍን ጥሩ የድራፍት ምርጫ እናገኛለን የሚለው ሐሳብ አሁን ብዙ አይሠራም። ገቢያቸውን ለሌሎች የሚያካፍሉ የትልቅ ገበያ ክለቦች የመጀመሪያዎቹ የድራፍት ምርጫዎች በዕጣ የሚታደሉበት ሎተሪ ውስጥ ሁለት ዓመት ተከታትለው መግባት አይችሉም፤ ናሽናልስ በ2023 ሁለተኛ መርጦ በ2024 ወደ 10ኛ የወረደው በዚህ ደንብ ነው።

ሰዓቱ ካለፈ በኋላም በኦገስት የሚደረገው ዝውውር ከ2019 ጀምሮ ቀርቷል። የሚቀረው ተጫዋቹን በዌቨር መልቀቅ ነው፤ የሚወስደው ክለብ ደመወዙን ይረከባል፣ በምትኩ ምንም አይሰጥም። የሎስ አንጀለሱ ክለብ ኤንጀልስ በኦገስት 2023 መጨረሻ ሉካስ ጂዮሊቶን፣ ሬይናልዶ ሎፔዝንና ማት ሙርን በዚህ መንገድ ለክሊቭላንድ አጥቷል፤ ከሦስቱ ሁለቱን ለማምጣት ከአንድ ወር በፊት ብቻ ታዳጊዎች ሰጥቶ ነበር።

የተለቀቀውን ቦታ ለታዳጊ ለመስጠት ካሌንደር ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋችነት 130 አት ባት (የመምታት ተራ)፣ 50 ኢኒንግ ወይም 45 ቀን ሲያልፍ ያበቃል። ከኦገስት አጋማሽ በኋላ የተጠራ ልጅ ቀኑን አይሞላም፤ ክለቡ አት ባቱ ከ130 እንዳያልፍ ከጠበቀለት በቀጣዩ ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሽልማትን ሊያሸንፍ፣ ለክለቡም ተጨማሪ የድራፍት ምርጫ ሊያስገኝ ይችላል። ቶማስ ከተሸጠ በኋላ ዲላን ክሩስ ኦገስት 26 ቀን 2024 ሲጠራ ይህ በር ክፍት እንደሆነ ቆይቶለታል።