የቤት ቁጥራችን የዶሮ ቤት ላይ ነው

ታላቅ ወንድሜ ታይላንድ ነው የሚኖረው። የዚያውን አገር ልጅ አግብቶ። ታዲያ በጋብቻ ያገኘውን ቪዛ በየዓመቱ ማራዘም አለበት፤ ለዚህም 400 ሺህ ባት ባንክ ውስጥ ሁለት ወር አስቀምጦ ወይም በወር 40 ሺህ ገቢ አሳይቶ፣ በላዩ ደግሞ 1,900 ባት ይከፍላል። አባዬ ይሄን ሲሰማ «በየዓመቱ ጥሎሽ ነዋ!» አለ።

ባለፈው ሁዳዴ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ፎቶም አብሮ ነበር። ኔትወርኩ ደክሞ አልከፍት ስላለኝ ያቺን ድብዝዝ ያለች ነገር የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ መስላኝ ዘለልኳት። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። ድምፁ እንዲህ ይላል፦ «የቤታችን መገኛ ካርታ ተጠይቄያለሁ። አንተ ድራፍቲንግ ስለተማርክ እጅህ ያምራል፤ ከዋናው መንገድ እስከ በራችን አሳምረህ ሥራልኝ። ባልና ሚስት የቤት ቁጥሩ እየታየ በር ላይ የሚነሱት ፎቶም አለ፣ እሱ እንኳን ቀላል ነው። ለማክሰኞ ይድረስልኝ።»

ቤታችን አለ። እኔ የማውቀው ቤታችን አንድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለው።

እሁድ ቡና ላይ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ጎረቤታችን ሻምበል ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ካርታ የሚል ቃል ሲሰሙ ግን እንደገና የተጠሩ ነው የሚመስላቸው። «ሰሜኑን ሳታሳይ እንዳትጀምር» አሉኝ። ቀጥለው «እንግዳው የሚያርፈው ቦሌ አይደል? ከቦሌ ጀምር» አሉ። 130 ኪሎ ሜትር በአንዲት ኤ4! ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን ደርድሬ ከተማ ስገባ የቀረችኝ የሁለት ጣት ስፋት ናት። ወረቀት ቀጠልኩ።

እማዬ ደግሞ በሰሜንና በደቡብ አታምንም። «ጣሳ የተሰቀለበትን ጠላ ቤት አድርግበት፣ እሱን ያጣ ሰው የለም።»

«እማዬ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት እኮ ነው!»

«ታዲያ እነሱ አይጠሙም?»

ጣሳዋን ሳልኩ። እንጨቱ ላይ ዘንበል ብላ፣ ጥላ ሁሉ ሠርቼላት። እውነት ለመናገር ከካርታው ሁሉ ያማረችው እሷ ነበረች።

ቀጥሎ ፎቶው። የቤት ቁጥሩ የት ነው? አጥሩ ላይ የለም። አዲሱ በር ላይም የለም። አባዬ አሰብ አደረገና ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ለካ የድሮውን የቆርቆሮ በር ሲያስነቅል ቁርጥራጩን የዶሮ ቤት መዝጊያ አድርጎታል፤ ቁጥራችን ዝጎ እዚያው ተለጥፎ ይኖራል። ለመንቀል ብንሞክር ቆርቆሮው አብሮ ሊቀደድ ሆነ። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ወደ ቁጥሩ ሄዱ።

አባዬ በርኖሱን ደረበ። እማዬ ለሥላሴ ንግሥ የምትለብሳትን ነጠላ አወጣች። ስንት ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች «ጎን ለጎን ቁሙ» ሲባሉ በመሃላቸው ባጃጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። «ጠጋ በሉ እንጂ» ስል አባዬ ተቆጣ፦ «ሚስቴ መሆኗን እኔ አውቃለሁ፣ ለማን ነው የማስረዳው!» በመጨረሻ ጠጋ ሲሉ ቀይዋ ዶሮ ወጥታ መሃላቸው ቆመች፤ እሽ ብንላትም አልሄደችም። እንዳለች አነሳኋት።

ሁሉንም ስካን አድርጌ ሰኞ ማታ ላክሁ። ወንድሜ ደወለ። እነሱ ከእኛ በ4 ሰዓት ስለሚቀድሙ እኛ እራት ላይ ነን፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ሆኗል። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «ሸኖ ምንድን ነው?» አለኝ በቀስታ።

«መንገድ ላይ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ የላክሁልህን ፎቶ አላየኸውም?»

ያኔ ከፈትኩት። እንኳን አደረሳችሁ አይደለም። ራሱ በእርሳስ የሞነጫጨረው የታይላንድ ቤቱ መንገድ ነው፤ ግራ ሴቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ፣ ቀኝ የሩዝ ኑድል መሸጫ፣ መጨረሻው ላይ ቤቱ። ይሄን አስተካክለህ ሥራልኝ ነው ያለኝ። ባልና ሚስት የተባሉትም እሱና ሚስቱ ናቸው፣ ፎቶውን ከተነሱም ሳምንት አልፏቸዋል። ከጀርባው ሚስቱ ስትስቅ ይሰማኛል፤ ዶሮዋን አይታ ነው አሉ።

ቀጠሮው በነጋታው ጠዋት ነበር። ጋቢ ተከናንቤ በሌሊት አዲስ ሠራሁ። ሻምበል ስላልነበሩ ሰሜኑን ረሳሁት፣ ማንም አልጠየቀም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ተራዘመለት።

አባዬ ግን እስካሁን «የኛን ፎቶ አይተው ምን አሉ?» ይለኛል። «በጣም ወደዱት» እለዋለሁ። እማዬ አሳትማ ሳሎን ሰቅላዋለች። ሦስቱም በደንብ ወጥተዋል። አሁን በሕይወት ያሉት ግን ሁለቱ ናቸው፣ መሃል ላይ ፋሲካ አለፈ።