የእማዬ መርፌና የምሳ ሰዓት

እማዬ ለስኳር በሽታዋ ኢንሱሊን ከጀመረች ወዲህ የቤታችንን ሰዓት የምትወስነው መርፌዋ ናት። ጠዋት ከቁርስ፣ ማታ ከራት ግማሽ ሰዓት አስቀድማ ትወስዳለች። መድኃኒቷ ቅልቅሉ ነው፤ 30 በመቶው ፈጥኖ የሚሠራ፣ 70 በመቶው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ለብዙ ሰዓታት የሚቆይ። ይህን ብልቃጡ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን አብሬያት እየኖርኩ ነው። የጠዋቱ መድኃኒት ቁርስ ብቻ አይበቃውም። ቀን ላይ ጉልበቱ ሲበረታ ምሳም ይፈልጋል፤ ምሳው ከዘገየ ስኳሯን ይዞት ይወርዳል።

ምሳ ደግሞ እንደ እማዬ ላለች ሴት በእጇ ያለ ነገር አይደለም። እንግዳ ሳይበላ አትበላም። ለቅሶ ቤት ከዋለች እህል ይቅረብልኝ አትልም። በቅርቡ ጎረቤት ሲሞት መርፌዋን ወስዳ፣ ቁርሷን ቀማምሳ ወጣች። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮው እስኪዞር ተቀምጣ ሳለ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ። አጠገቧ የነበሩት ሐዘን የጣላት መስሏቸው ውኃ ሊረጩባት ተነሡ። የእድር ጓደኛዋ ግን ስኳር እንዳለባት ታውቅ ነበርና ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር በጥብጣ አፏ ላይ ያዘችላት። የስኳር መለኪያውን ይዤ ስደርስ ሻዩን ገና አልጨረሰችውም፤ 58 ነበር። ከ70 ሲያንስ ወርዷል ይባላል። ሩብ ሰዓት ጠብቄ እንደገና ለካኋት፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል እንጀራ አበላኋት። ያቺን ሴት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሽታን ከጎረቤት መደበቅ ልማዳችን ነው፤ እማዬ አለመደበቋ ነው ያተረፋት።

ማታ ቤት ስንገባ «ለቅሶ ባለበት ቀን መርፌውን እተወዋለሁ» አለችኝ። ከመውረዱ ይልቅ ይህ ንግግሯ አስጨነቀኝ። ኢንሱሊን በገዛ እጅ ሲቋረጥ ስኳሩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሽቅብ የሄደ ስኳር ደግሞ እንደ ወረደው ቶሎ አይታወቅም፤ ዓይንንና ኩላሊትን ውስጥ ለውስጥ ይጎዳል።

በክትትል ቀኗ አዲስ ሐኪም አገኘን። ገና ወጣት ናት። ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው «እማማ፣ ምሳ ስንት ሰዓት ይበላሉ?» ብላ ነበር። እማዬ ግራ ተጋባች። «እንደ ቀኑ ነው ልጄ» አለች። ለዓመታት በተመላለስንባቸው ቀጠሮዎች ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። የስኳሯ ቁጥር ታይቶ ዩኒት፣ ማለትም የኢንሱሊኑ ልክ፣ ይጨመራል፣ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ቀጣዩ ይጠራል። ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ አይቻለሁ፤ ሐኪሞቹን ለመውቀስ አልችልም። ያም ሆኖ የመብላቷን ሰዓት ሳያውቁ መጠኑን መወሰን ትክክል አይመስለኝም።

ሐኪሟ የእማዬን ስኳር እየለካሁ የምጽፍበትን ደብተር ገልጣ አስረዳችኝ። ጠዋት ከምግብ በፊት የሚለካው ቁጥር የሚናገረው ስለ ማታው መርፌ ነው፤ ከራት በፊት የሚለካው ደግሞ ስለ ጠዋቱ። የእማዬ የጠዋት ቁጥሮች ደህና ነበሩ፤ የማታዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ የማታውን ሳትነካ የጠዋቱን ጥቂት ዩኒት ቀነሰችላት። ከቤት በምትውልበት ቀን ደግሞ አምስት ሰዓት ገደማ መክሰስ እንድትቀምስ፣ ከረሜላም ከቦርሳዋ እንዳይጠፋ አዘዘቻት። «ራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፤ ደውሉልኝ» አለች። አሁን በደብተሩ ከቁጥሩ አጠገብ የበላችበትን ሰዓትና የበላችውን እጽፋለሁ። ምስር በጎመን ያደረገችበት ቀንና ድንች በዳቦ የበላችበት ቀን ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚራራቅ ራሷ እያየች ትገረማለች።

የቀረን ሁዳዴ ነው። የነፍስ አባቷ መድኃኒት ስላለባት ጠዋት የጾም ምግብ እንድትቀምስ ፈቅደውላታል፤ እርሷ ግን ቢያንስ የመጨረሻዋን ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ትፈልጋለች። እኔ ባትጾም እመርጣለሁ። ሐኪሟ ግን አልተቆጣቻትም፤ የመርፌው ሰዓትም መጠኑም ከጾሙ በፊት አብሮ መታሰብ ስላለበት ቀደም ብላ እንድትመጣ ነገረቻት። ቀጠሮውን ከቅበላ በፊት አስይዘናል፤ ጥያቄውን እማዬ ራሷ ትጠይቃለች።