ሳይሰክን የቀዳሁት ጉድጓድ

አራት ኪሎ፣ ከሥራ ስወጣ ጎራ የምልባት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ባለፈው ቸኩዬ «አይቀዳም እንዴ?» ስላት ጀበናውን ማቶቱ ላይ ጋደም አድርጋ «ቆይ ይስከን እንጂ ወንድሜ፣ አተላ ልትጠጣ ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ውጭ አገር ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ስሠራ ያጠፋሁት ጥፋት ድቅን አለብኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድፍድፍ ነዳጁ እንደ ልብ እንዲፈስ ድንጋዩን በከፍተኛ ግፊት በሚገባ ፈሳሽ ትሰነጥቀዋለህ። ግፊቱ ሲለቀቅ ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ፕሮፓንት የሚባል መጠኑ የተመረጠ አሸዋ ይሞላበታል። የኛው 20/40 የሚሉት ነበር፤ ፍሬው ከ0.4 እስከ 0.85 ሚሊ ሜትር ገደማ። ታዲያ ጉድጓዱ ሲከፈት ይሄ አሸዋ ከድፍድፉ ጋር ግልብጥ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ቫልቭ ይበላል፣ ድፍድፉን ከጋዝና ከውሃ የሚለየውን ጋን፣ ሴፓሬተሩን፣ ይሞላል፣ ይባስ ብሎ ስንጥቁ ከጉድጓዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ባዶውን ይቀርና ይገጥማል።

ስለዚህ መጨረሻ የሚገባውን አሸዋ ሬዚን የሚባል እንደ ሙጫ ያለ ነገር የተቀባ አደረግሁት። ሬዚኑ ሲሞቅና ድንጋዩ ሲጫነው ፍሬዎቹን ያጣብቃቸዋል። ሁሉንም መቀባት ኪስ ይጎዳል፣ ስንጥቁ አፍ ላይ፣ ጉድጓዱ አጠገብ የሚቀረው ደግሞ መጨረሻ የገባው ነው። እስከዚህ ጥሩ። የተሳሳትኩት ሰዓቱ ላይ ነው። ሬዚኑ የሚጠነክርበትን ጊዜ ያሰላሁት በድንጋዩ የተፈጥሮ ሙቀት ነበር፤ ያን ሁሉ ቀዝቃዛ ፈሳሽ አስገብቼ ድንጋዩን ራሴ እንዳቀዘቀዝኩት ረስቼ! በዚያ ላይ አለቆቹ «ክፈት፣ ክፈት» ይላሉ። ከፈትኩ። የናሙናውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን ሳነሳው ከታች ሁለት ጣት አሸዋ ተኝቷል። በጣቴ ሳሸው አንዱም ፍሬ ካንዱ አልተያያዘም።

የሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ በቀዘቀዘው ሙቀት አሰላሁ። ከገባው አሸዋ ትንሽ አስቀርቼ በዚያው ሙቀት አቆየሁትና እሱ እስኪጠነክር ጉድጓዱን አላስነካም አልኩ። ከዚያ ቾክ በሚሉት ፍሰቱን በሚቆጣጠረው ቀዳዳ፣ በጠባቡ ከፈትኩ፤ ጠርሙሱ እስኪጠራ ድረስ አላሰፋሁም። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ዝጋ ክፈትም የለም፣ ጫናው በተለዋወጠ ቁጥር የተጣበቀው ይላቀቃል።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ትንሽ አሸዋ ነበረ። ቧንቧው ውስጥ የቀረ ነው፣ ምንም አይደለም። ይህን ለአለቃዬ ማስረዳት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።